ድምፅ የሚውጠው ባህር እና የጅማ ቡና

በአንድ ኪሎ ግራም የባህር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ከዚህ ሁሉ የቦሮን ድርሻ 4.5 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። በ1 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ያለ፣ ማለትም በሰከንድ 1,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ድምፅ በውቅያኖስ ውስጥ ሲጓዝ ውሃው ከሚውጥበት ጉልበት አብዛኛውን የሚወስደው ግን ይኸው ጥቂት ቦሮን ነው። ምን ያህል እንደሚውጥ የሚወሰነው ደግሞ በውሃው ፒኤች፣ ማለትም በአሲድነቱ ወይም በቤዝነቱ ልክ ነው፤ ፒኤች ሲወርድ አሲድነት ይጨምራል። ፒኤቹን እየቀየርን ያለነው ደግሞ እኛው ነን፤ ከመኪናችን፣ ከፋብሪካችን፣ ከምናቃጥለው ነዳጅ በሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ።

ይህን ካወቅኩበት ጊዜ ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጅማ ላይ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ወንዛችንም ባህር አያውቅም። ከተማዋን አቋርጦ የሚወርደው አዌቱ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል፣ ግልገል ጊቤ ወደ ጊቤ፣ ጊቤ ኦሞ ይሆንና ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። ቱርካና መውጫ የለውም። እዚህ መርካቶ መንገድ ላይ የዘነበ ዝናብ በወንዝ ተጉዞ ውቅያኖስ አይደርስም ማለት ነው። ትንሽ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አጋሮ ሲኬድ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የዚያ አገር ውሃ ወደ ዴዴሳ፣ ከዴዴሳ ወደ ዓባይ ወርዶ ሜዲትራኒያንን ያያል። በአንድ ዞን ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕጣ ያለው ዝናብ ይዘንባል። ጭሱ ግን እንዲህ ያለ ድንበር አያውቅም። ከባጃጅም ይውጣ ከአይሱዙ፣ ከጅማም ይነሳ ከሻንጋይ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ውስጥ ተደባልቆ ዓለምን ይዞራል፤ ሰው ከሚለቀው ውስጥ ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ ይወስደዋል።

የድምፁ ታሪክ የሚጀምረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የባህር ሰርጓጅ መርከብ በሶናር፣ በውሃ ውስጥ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን በሚያዳምጥ መሣሪያ፣ የሚፈልጉ ሰዎች አንድ የማይገባ ነገር ገጠማቸው። ድምፁ ከስሌታቸው በላይ ቶሎ ይደክማል። የጣፋጭ ውሃ ሐይቅ ላይ የሚለካውና ባህር ላይ የሚለካው ጨርሶ አልገጥም አለ፤ ሶናር በሚሠራባቸው ድግግሞሾች (ድግግሞሽ ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር ነው) የባህር ውሃ ድምፅን ከጣፋጭ ውሃ በ30 እጥፍ ገደማ ይበልጥ ይውጣል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የምግብ ጨው ነው፤ ባህር ውስጥ ከሁሉም የበዛው እሱ ነውና። ግን እሱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1949 ሊዮናርድና ባልደረቦቹ ሰው ሠራሽ የባህር ውሃ እያዘጋጁ ሲለኩ ድምፁን የሚውጠው ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለ ሌላ ጨው መሆኑን አሳዩ። መጠኑ ከምግብ ጨው እጅግ ያነሰ ነው።

ኬሚስት በመሆኔ ይህ ታሪክ ደስ ይለኛል። የበዛው ነገር ዝም ብሎ ተቀምጦ ያነሰው ነው ሥራውን የሚሠራው። ደግሞም በዚያ አላበቃም።

በ1960ዎቹ ልኬቱ ወደ ዝቅተኛ ድግግሞሾች ሲወርድ፣ ከ1 ኪሎ ሄርዝ በታች፣ አሁንም ከስሌቱ በላይ የሚዋጥ ድምፅ ተገኘ። ማግኒዥየም ሰልፌት እዚያ ድረስ ወርዶ ያን ያህል መዋጥ አይችልም። ቶርፕ የተባለ ተመራማሪ በ1965 ልኬቶቹን ሰብስቦ ቀመር አወጣላቸው፤ ምክንያቱ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። መልሱ የመጣው በ1973 ነው። ዬገር፣ ፊሸርና ጓደኞቻቸው ውሃውን በድንገት በማሞቅ የኬሚካል ምላሹን ፍጥነት ለክተው ጥፋተኛው ቦሪክ አሲድ መሆኑን አሳዩ። ይኸው በፋርማሲ ለዓይን ማጠቢያ ሲሸጥ የኖረው ቦሪክ አሲድ።

እንዴት ነው ታዲያ በውሃ ውስጥ የሟሟ አሲድ ድምፅ የሚውጠው? ድምፅ ማለት ግፊት መጨመርና መቀነስ ነው። ቦሮን ባህር ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራል፤ አንዱ ቦሪክ አሲድ፣ ሌላው ኃይድሮክሳይድ የጨመረበት ቦሬት። ሁለቱ ሁልጊዜ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ፤ በመካከላቸው ሚዛን አለ። የድምፁ ግፊት ሲመጣ ሚዛኑ ጥቂት ቦታ ወደሚይዘው ወገን ያዘነብላል፣ ግፊቱ ሲለቅቅ ይመለሳል። ይህ መዘንበልና መመለስ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ጉዳዩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ በየተራ ሲወቅጡ ያየ ሰው ይገባዋል። ዘነዘናዎቹ ተራቸውን ጠብቀው ሲወርዱ ጉልበቱ ሁሉ እህሉ ላይ ያርፋል። አንደኛዋ በጥቂቱ ከዘገየች ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል፤ የተወረወረው ጉልበት እህሉ ዘንድ ሳይደርስ ክንድ ላይ ይቀራል።

ድምፁ በጣም ወፍራም ከሆነ፣ ማለትም ግፊቱ በዝግታ የሚመላለስ ከሆነ፣ ቦሮኑ እኩል ይራመዳል፤ የወሰደውን ጉልበት በሰዓቱ ይመልሳል። ድምፁ በጣም ቀጭን ከሆነ ደግሞ ቦሮኑ ሊነቃነቅ ጊዜ አያገኝም፤ ሞገዱ ያልፈዋል። በመካከሉ፣ በ1 ኪሎ ሄርዝ ግድም፣ ይዘገያል። የዘገየው ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከእያንዳንዱ የሞገድ ዑደት ቦሮኑ የሚወስደው ድርሻ ከፍ የሚለው በዚህ መካከለኛ ቦታ ነው። የማግኒዥየም ሰልፌት መካከለኛ ቦታ ከዚህ በጣም ይርቃል፣ ወደ 100 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ነው፤ ሶናርን ያደከመው እሱ የሆነው ለዚህ ነው።

ጣፋጭ ውሃ እነዚህ ሁለቱ የሉትም። ከጅማ ወጣ ብሎ ያለው የቦዬ ውሃ ውስጥ ጉማሬዎች አሉ። ጉማሬ አፍንጫውን ከውሃ በላይ፣ ጉሮሮውን ከውሃ በታች አድርጎ ሲጮህ ድምፁ በአየርም በውሃም በአንድ ጊዜ እንደሚጓዝ በምርምር ተረጋግጧል። ምሽት ላይ ቦዬ ዳር የምንሰማው የአየሩን ግማሽ ብቻ ነው። በውሃው በኩል የሚሄደውን የሚያስቆመው ጭቃው፣ ደንገሉና ጥልቀት ማጣቱ እንጂ ኬሚስትሪው አይደለም። ባህር ላይ ጉዳዩ የኬሚስትሪ ነው።

አሁን ወደ ፒኤች። በቦሪክ አሲድና በቦሬት መካከል ያለው ክፍፍል የሚወሰነው በፒኤች ነው። ሞቅ ባለ የባህር ውሃ ውስጥ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ፒኤቹ 8.6 ገደማ ሲሆን ነው። የዛሬው የባህር ወለል ፒኤች 8.1 አካባቢ ስለሆነ ከቦሮኑ ሩብ ያህሉ በቦሬት መልክ ነው ያለው። ፒኤቹ ወደ 7.8 ቢወርድ ቦሬቱ ወደ ሰባተኛ እጅ ይቀንሳል። ለመለዋወጡ ሁለቱም መልኮች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ሲመናመን ከድምፁ ጋር የሚያዘነብለውና የሚመለሰው ይጎድላል፣ የሚዋጠውም ድምፅ ይቀንሳል። አሲድነት ሲጨምር ባህሩ ለድምፅ ይበልጥ ክፍት ይሆናል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ተቃራኒውን ነው፤ አሲድ ሲባል የሚበላ፣ የሚያጠፋ ነገር ነው የሚታሰበው።

ለተማሪዎቼ ይህን የማሳያቸው በቀይ ጥቅል ጎመን ነው። ጎመኑ ተከትፎ በፈላ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ሐምራዊ ውሃ ይወጣዋል። ከዚያ ላይ በጣት ጫፍ የተቆነጠረች ቤኪንግ ሶዳ ትጨመራለች፤ ውሃው ወዲያው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አንድ ልጅ ይነሳና በስትሮ ይነፋበታል። መጀመሪያ ምንም የለም፤ አረፋ ብቻ። ክፍሉ ይንጫጫል፣ የሚነፋው ልጅ ጉንጩ ይቀላል። ከዚያ ሰማያዊው መደብዘዝ ይጀምራል፣ ከብርጭቆው ግርጌ አንስቶ ወደ ሐምራዊ ይመለሳል። ከልጁ ሳንባ የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ገብቶ ካርቦኒክ አሲድ ሆነ፣ ኃይድሮጂን አዮን ለቀቀ፣ ቀለሙ ተለወጠ። ውቅያኖሱ ላይ እየሆነ ያለው ይኸው ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት አየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 280 እጅ ነበር፤ ዛሬ ከ420 በልጧል። የባህር ወለል ፒኤች በዚሁ ጊዜ ከ8.2 ወደ 8.1 ገደማ ወርዷል። 0.1 ትንሽ ይመስላል። ፒኤች ግን በአሥር እጥፍ የሚቆጥር ልኬት ነው፤ የ0.1 መውረድ የኃይድሮጂን አዮን በሩብ ገደማ ጨመረ ማለት ነው፣ የ0.3 መውረድ ደግሞ በእጥፍ። ባህሩ አሁንም ቤዝ ነው። አሲድ ሆነ አይባልም፤ ቤዝነቱ እየሳሳ ነው።

በ2008 በካሊፎርኒያ የሞንቴሬይ ቤይ የምርምር ተቋም ውስጥ የሚሠሩ ሄስተር፣ ፔልትዘር፣ ኪርክውድና ብሩወር ሁለቱን ታሪኮች አገናኙ። የድምፅ ሰዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቀመሩን ያውቁታል፤ የካርቦን ሰዎች የፒኤቹን ጉዞ ያውቁታል። ፒኤች በ0.3 ቢወርድ በዝቅተኛ ድግግሞሾች የሚዋጠው ድምፅ በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል አሉ። በዚያው ሰሞን በአንዳንድ የውቅያኖስ ክፍሎች ድምፅ እስከ 70 በመቶ ርቆ ሊጓዝ ይችላል የሚል ዜና ወጣ። በ2010 ደግሞ ኢሊና፣ ዚቢና ብሩወር በሞዴል አስልተው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በከፍተኛ ኬክሮስ፣ ማለትም ወደ ዋልታዎቹ በቀረቡ ባህሮች ቅናሹ እስከ 60 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ጻፉ።

እነዚህን ቁጥሮች ያነበበ ሰው ይደነግጣል፤ መደንገጡም ተገቢ ነው። እኔ ግን ቁጥር እንዲሁ ሲወረወር አልወድም፤ ተማሪዎቼንም ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ። 70 በመቶው ከየት መጣ? በኪሎ ሜትር የሚዋጠው ድምፅ በ40 በመቶ ከቀነሰ የቀረው 60 በመቶ ነው። አንድን በ0.6 ብናካፍለው 1.67 ይሆናል። በፊት 10 ኪሎ ሜትር ላይ ይዋጥ የነበረው ያህል ድምፅ አሁን የሚዋጠው 16.7 ኪሎ ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን ድምፅ የሚደክመው በመዋጥ ብቻ አይደለም። ከሁሉ በፊት የሚያደክመው መበተኑ ነው።

እስቲ በቁጥር እናስቀምጠው። 1 ኪሎ ሄርዝ ድምፅ በተለመደ የባህር ውሃ ውስጥ በአንድ ኪሎ ሜትር 0.06 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ያህል ይዋጣል። 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚዋጠው 0.6 ዴሲቤል ነው። በ40 በመቶ ሲቀነስ 0.36 ይሆናል። ልዩነቱ ሩብ ዴሲቤል እንኳ አይሞላም፤ ጆሮ አይለየውም። በዚያው 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ግን ድምፁ በሁሉም አቅጣጫ በመበተኑ ብቻ፣ ከምንጩ አንድ ሜትር ላይ ከነበረው 80 ዴሲቤል ያጣል። 100 ኪሎ ሜትር ላይ ስንደርስ የመዋጡ ልዩነት 2.4 ዴሲቤል ይሆናል፤ ይህ ቁም ነገር ነው፣ ግን እዚያ የደረሰው ድምፅ ራሱ እጅግ የመነመነ ነው።

ወደ ወፍራሞቹ ድምፆች ስንወርድ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀንሳል። በ100 ሄርዝ ባህሩ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚውጠው 0.001 ዴሲቤል ገደማ ነው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የጠፋው አንድ ዴሲቤል ብቻ ነው ማለት ነው። በጥር 1991 ከደቡብ ህንድ ውቅያኖስ፣ ከሄርድ ደሴት አጠገብ፣ በ57 ሄርዝ የተለቀቀ ድምፅ በአሜሪካ በሁለቱም ጠረፎች ተሰምቷል። ከቁም ነገር የሚቆጠር ነገር ያልዋጠው ድምፅ ስለሆነ ነው እንዲህ የተጓዘው። 20 ሄርዝ ላይ የሚዘምረው የፊን ዓሣ ነባሪ ድምፅም እንደዚሁ ነው፤ ባህሩ ድሮም አልያዘውም፣ ፒኤች ቢወርድም የሚለቅለት የተለየ ነገር የለም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከ10 ኪሎ ሄርዝ በላይ ሥራው የማግኒዥየም ሰልፌት ነው፤ እሱ ስለ ፒኤች ግድ የለውም። ስለዚህ አሲድነት የሚነካው ከጥቂት መቶ ሄርዝ እስከ ጥቂት ኪሎ ሄርዝ ያለውን መካከለኛ ቦታ ነው። ከ2008ቱ ጽሑፍ በኋላ ሬደርና ቹ፣ ሌሎችም የድምፅ ተመራማሪዎች የመርከብ ጩኸትን በሞዴል አስልተው ያገኙት ከዚህ ጋር ይስማማል፤ በጥልቅ ውቅያኖስ የሚጨመረው ጩኸት ከግማሽ ዴሲቤል የማይበልጥ ሆኖ አገኙት።

ተፈጥሮ ራሷ ማስረጃ ትሰጣለች። የሰሜን ፓስፊክ ጥልቅ ውሃ አሮጌ ውሃ ነው፤ ከላይ የሚወርደው ሕይወት ሲበሰብስ የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዘመናት ተከማችቶበታል፣ ፒኤቹም ከሰሜን አትላንቲክ በግልጽ ያንሳል። በ1 ኪሎ ሄርዝ የሚውጠው ድምፅ ከአትላንቲኩ ግማሽ ገደማ ነው። ሰው ጣልቃ ሳይገባ ሁለት ውቅያኖሶች በዚህ ያህል ይለያያሉ። ዓሣ ነባሪዎች በሁለቱም ይኖራሉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲደመር የአሲድነቱ ነገር ቀላል ነው ማለት ነው? አይደለም። ዛጎላቸውን ከካርቦኔት የሚሠሩ ፍጥረቶች፣ ኮራሎች፣ ኦይስተሮች፣ በዚሁ የፒኤች መውረድ ቀጥታ ይጎዳሉ፤ ያ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ስለ ድምፅ ብቻ ስናወራ ግን ባህሩን ዛሬ የሚረብሸው የቦሮኑ መዳከም ሳይሆን እኛ በቀጥታ የምንጨምረው ጩኸት ነው። ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ባሻገር በ1960ዎቹ የተለካና ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ በዚያው ቦታ እንደገና የተለካ ድምፅ አለ፤ ከ30 እስከ 50 ሄርዝ ባለው ክፍል ጩኸቱ ከ10 እስከ 12 ዴሲቤል ጨምሯል። ይህን ከግማሽ ዴሲቤል ጋር ማነጻጸር ነው። የጨመረው የመርከብ ብዛት፣ ትልቀትና ፍጥነት ነው። ለእኔ የዚህ ሁሉ ነገር ልብ እዚህ ላይ ነው ያለው፣ ጅማንም የሚነካት በዚህ በኩል ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ወጣትነታቸውን ምፅዋ ላይ በባህር ኃይል ያሳለፉ አዛውንት አሉ። አንድ እሑድ ቡና ስንጠጣ «ጋሼ፣ ውሃ ውስጥ ሆነው የመርከብ ድምፅ ሰምተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«እንዴታ ልጄ!» አሉ። «ጠልቀን ስንዋኝ መርከቢቱ ገና ለዓይን ሳትታይ ነው የምትሰማው። ግር ግር ግር ትላለች። ክፋቱ ከየት እንደምትመጣ አታውቅም። ከግራ ነው ስትል ከቀኝ ነው። ጭንቅላትህ ውስጥ ነው የምትጮኸው።»

እጃቸውን በሁለቱም ጆሮዎቻቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የነገሩኝ። ፊዚክሱ ከሳቸው ጋር ይስማማል። ድምፅ በአየር በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ በባህር ውሃ 1,500 ገደማ። ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ወደ አንደኛው ጆሮ ቀድሞ መድረሱ ነው፤ ውሃ ውስጥ ያ ልዩነት ከሩብ በታች ይወርዳል። በዚያ ላይ ድምፁ በራስ ቅል አጥንት በኩል ቀጥታ ይገባል። እዚያ የሚኖረው ፍጥረት ግን ለዚያ ዓለም የተሠራ ጆሮ አለው፤ ሲጣራም፣ ምግብ ሲፈልግም፣ ግልገሉን ሲከተልም በድምፅ ነው። ብርሃን ባህር ውስጥ በጥቂት መቶ ሜትር ያልቃል። እኛ ሜዳ ላይ በዓይን የምንሠራውን እነሱ የሚሠሩት በጆሮ ነው።

ጋሼ የሰሙት ግርግርታ ከሞተሩ ብቻ አይደለም። ፕሮፔለሩ ሲሽከረከር ከምላጩ ጀርባ ግፊቱ ይወርዳል፣ ውሃው ያለ እሳት ይፈላል፣ የተፈጠሩት አረፋዎች ወዲያው ይፈነዳሉ። የትልልቅ መርከቦች ጩኸት በብዛት የሚመጣው ከእነዚህ አረፋዎች ነው። መርከቡ ሲፈጥን አረፋው ይበዛል።

ከእነዚህ መርከቦች መካከል የእኛን ቡና የጫኑ አሉ። ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከማና የተለቀመ ቡና ታጥቦ ወይም ደርቆ፣ ተበጥሮ፣ 60 ኪሎ በሚይዝ ጆንያ ይታሰራል። በጅማ መንገድ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅቡቲ ይወርዳል። ከጅቡቲ የሚነሳው መርከብ ወደ አውሮፓ ከሆነ ባብኤል መንደብን አልፎ ቀይ ባህርን ሙሉ ርዝመቱን ይጓዛል፣ ጋሼ ይዋኙበት ከነበረው ምፅዋ ፊት ለፊት ያልፋል። ቀይ ባህር ከሌሎች ባህሮች ይለያል፤ ጨዋማነቱ በኪሎ 40 ግራም ገደማ ነው፣ ጥልቁም ላይ ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ አይወርድም። ሙቀቱ የቦሮኑን እርምጃ ያፈጥነዋል፤ ስለዚህ ቦሮኑ ከድምፁ ጋር እኩል መራመድ አቅቶት የሚዘገይበት ድግግሞሽ ከቀዝቃዛ ውቅያኖስ ከፍ ይላል። የጅማን ቡና የያዘው መርከብ ጩኸት በዚያ ውሃ ውስጥ የሚዋጠው በዚያ ውሃ ሥርዓት ነው።

ቡና ለቃሚው፣ ባለ ሱቁ፣ የእኔም ደሞዝ በተዘዋዋሪ ከዚያ ቡና ጋር የተያያዘ ነው። መርከቡ ይቅር የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። ደስ የሚለው ግን ማስተካከያው አለ። መርከብ ፍጥነቱን በመጠኑ ሲቀንስ የፕሮፔለሩ አረፋ ይቀንሳል፣ ጩኸቱም ይወርዳል፤ በዚያው ልክ የሚያቃጥለው ነዳጅ ይቀንሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ይቀንሳል። አንዱ ሥራ ሁለቱንም ይነካል፤ ቦሮኑንም ያተርፋል፣ ጩኸቱንም ይቀንሳል። ዓለም አቀፉ የባህር ድርጅት የንግድ መርከቦችን የውሃ ውስጥ ጩኸት ስለ መቀነስ በ2014 መመሪያ አውጥቷል፣ በ2023 አሻሽሎታል። መመሪያው በፈቃደኝነት የሚተገበር ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። ጸጥታው ሲገኝ ምን እንደሚሆን አይተናልና። ከመስከረም 2001ዱ የአሜሪካ ጥቃት በኋላ ለጥቂት ቀናት የመርከብ ጉዞ ሲቀንስ፣ በካናዳ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ የጩኸቱ መጠን በ6 ዴሲቤል ወረደ። በዚያው ወቅት ከራይት ዓሣ ነባሪዎች ዓይነ ምድር የተለካው የጭንቀት ሆርሞንም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጽሑፉ የወጣው በ2012 ነው። እነዚያ እንስሶች ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ተጨንቀው እንደኖሩ ሳስብ ልቤ ይከብደኛል።

የጎመኑን ሙከራ ጨርሰን ስለ ቦሮን ስነግራቸው አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ አሲዱ ድምፁን የሚቀይረው ከሆነ ድምፁን ለክተን አሲዱን ማወቅ አንችልም?» አለች። ክፍሉ ወደ እሷ ዞረ። ይህን ሐሳብ በውቅያኖስ አኮስቲክ ላይ የሚሠሩ ሰዎች በጽሑፍ አቅርበውታል፤ ሐሳቡን ያገኘችው ግን ከዚያ ከሐምራዊ ብርጭቆ ነው።

እንዴት እንደሚሆን አብረን ሰሌዳው ላይ አሰብን። ፒኤችን አሁን የምንለካው ውሃ እየቀዳን ወይም መሣሪያ አስጠልቀን፣ በአንድ ነጥብ ላይ ነው። ድምፅ ግን ከአንድ ቦታ ተነስቶ አሥርና መቶ ኪሎ ሜትር ያለውን ውሃ በሙሉ ያቋርጣል፤ የሚያመጣው መረጃ የዚያ ሁሉ ውሃ አማካይ ነው። ድግግሞሹ በጣም ቢወፍር ቦሮኑ ምልክት አይጥልም፣ በጣም ቢቀጥን ማግኒዥየም ሰልፌት ይሸፍነዋል፤ ከ1 እስከ ጥቂት ኪሎ ሄርዝ ያለው ይሻላል። ሁለት ድግግሞሽ በአንድ ጊዜ መላክ ደግሞ ይጠቅማል፣ መበተኑ ለሁለቱም የሚቀራረብ ስለሆነ በልዩነቱ ውስጥ ይወጣል፤ የሚቀረው የመዋጡ ልዩነት ነው። ከዚያ ችግሮቹን ጻፍን። ሙቀት መዋጡን ይቀይራል፣ ስለዚህ ሙቀቱ በየጥልቀቱ መለካት አለበት። ማዕበል ከላይ ድምፁን ይበትናል። ሞገዱ በብዙ መንገድ ታጥፎ ይደርሳል። 0.1 የፒኤች ለውጥ በቀመሩ መሠረት የቦሮኑን መዋጥ በ16 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በ50 ኪሎ ሜትር ላይ በ1 ኪሎ ሄርዝ ይህ ግማሽ ዴሲቤል ገደማ ነው። ግማሽ ዴሲቤልን ከዚያ ሁሉ ማዕበል ውስጥ ለይቶ ለማውጣት ለወራት ደጋግሞ መለካት ይጠይቃል። ልጅቷ ይህን ሁሉ ደብተሯ ላይ ገልብጣ፣ ከግማሽ ዴሲቤሉ ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረችበትና በ3 ኪሎ ሄርዝ ቢሆንስ ስንት ይመጣል ብላ ማስላት ጀመረች።